የአጎቴ ጓያ

ለገና በዓል የጥቂት ቀን ፈቃድ ወስጄ ወደ ፎገራ ሄጄ ነበር። ከአጎቴ ቤት ስደርስ ሁለቱ ዱላዎች ከበሩ በስተግራ ተደግፈው ቆመዋል። እነዚህን ዱላዎች ከልጅነቴ ጀምሬ አውቃቸዋለሁ፤ አውቃቸዋለሁ ስል እንጨታቸውን ማለቴ አይደለም፤ እንጨቱማ በየጊዜው ይሰበራል፥ ይለወጣልም። የማውቀው ሥፍራቸውን ነው። ዱላዎቹ ከበሩ አጠገብ ካሉ አጎቴ በቤት አሉ ማለት ነው፤ ከሌሉም ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል ማለት ነው። ከነዚህ ከሁለቱ በቀር የሚደርሱበት ቦታ የለም።

ኋላ ተምሬ ስለ በሽታው የተጻፈውን ሳነብ፥ ሐኪሞችም የሕመሙን ደረጃ በዱላ እንደሚቈጥሩት አየሁ። ያለ ዱላ የሚሄድ፥ በአንድ ዱላ የሚሄድ፥ በሁለት ዱላ የሚሄድ፥ በመጨረሻም ዱላ የማይረዳውና እየዳኸ የሚንቀሳቀስ። አጎቴ በዚህ አቈጣጠር ከሦስተኛው መደብ ይገባሉ። በመንደራችን የነበርን ልጆችም እንዲሁ እንቈጥር ስለ ነበር፥ ሳይንስ ከኛ የተማረ መስሎኝ ብቻዬን ሣቅሁ።

አጎቴን የሰበራቸው ጓያ ነው። ነገሩ የሆነው በ1969 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በደምቢያና በፎገራ ብዙ ሰው በዚሁ በሽታ እግሩን አጥቷል፤ የሕክምና ሊቃውንትም መርምረው ጽፈውበታል። አጎቴ ያን ጊዜ የ19 ዓመት ጎልማሳ ነበሩ። ታሪኩን ሲጀምሩ ሁልጊዜ «ጤፉ ከዳን፤ ጓያው ግን አልከዳንም» ይላሉ። ጧት ንፍሮ፥ ማታ ቆሎ እየሆነ ከሁለት ወር በላይ ከጓያ በቀር ሌላ እህል ከአፋቸው አልገባም። አንድ ቀን ጧት ሞፈር ተሸክመው ከደጅ ሲወጡ ጕልበታቸው ከዳቸውና ወደቁ። ድካም መሰላቸው። በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ። ሳምንት ሳይሞላ ጕልበትና ጕልበታቸው እየተጋጨ፥ ተረከዛቸው መሬት አልነካ እያለ፥ በእግር ጣታቸው ጫፍ የሚራመዱ ሆኑ። ዐይናቸው እንደ ጥንቱ ያያል፤ እጃቸው ይሠራል፤ አእምሯቸውም ንቁ ነው። በሽታው እግርን ብቻ ይዞ በዚያው ይቀራል፤ የሚያድነው መድኃኒትም እስከ ዛሬ አልተገኘም።

የአገር ሰው ምክንያቱን በየበኩሉ ተናገረ። አንዱ የጓያ ገለባ ላይ ተኝቶ ነው አለ፤ ሌላው የንፍሮው እንፋሎት መትቶት ነው አለ። የበሉት ነው ብሎ የተናገረ ግን ጥቂት ነበር፤ ምክንያቱም ሁሉም በልቷል፤ ከአንድ ሌማት ከበሉት ከአምስት ወንድማማች የተሰበሩት አጎቴ ብቻ ናቸው። እኔም የዚያ ካልተሰበሩት ያንዱ ልጅ ነኝ። አጎቴ ማረስ ስላልቻሉ ቁም ጽሕፈት ተማሩ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ዳዊትና መልክእ በብራና እየጻፉ ይኖራሉ፤ የመንደሩም ሰው የኔታ ይላቸዋል።

አሁን አንባቢ «ታዲያ ይህን መርዛም እህል ለምን አትተዉትም?» ሳይል አይቀርም። እኔም በተማሪነቴ ይህንኑ ስል ነበር። ነገር ግን የፎገራን ዋልካ መሬት ያየ ሰው እንዲህ አይልም። ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ከማሳው ሲሸሽ፥ መሬቱ በያዘው እርጥበት ብቻ፥ ያለ ብዙ እርሻና ያለ ብዙ አረም የሚበቅል እህል ጓያ ነው። ውሃ ቢተኛበት ይችላል፤ ዝናብ ቢጠፋም ይችላል። ከፍሬው ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ ሥሩም እንደ ሌሎቹ ጥራጥሬዎች መሬቱን ያዳብራል። ህንድ በ1961 እ.ኤ.አ. የጓያን ሽያጭ በሕግ ከልክላ ነበር፤ ገበሬው ግን መዝራቱን አልተወም። ሌላው እህል በሚጠፋበት ዓመት የሚቀረውን አንድ እህል ተው ማለት ቀላል አይደለምና። የጓያም ክፋቱ እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ጓያን ብቻ የሚበላው ሌላው በጠፋበት ዓመት ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ከደረሰው ድርቅ በኋላ በወሎ በደላንታና በዳውንት ከ2,000 የሚበልጥ ሰው በዚሁ መንገድ ተሰብሯል። በዚያ ጊዜ ምርመራ ያደረጉ ሐኪሞች እንደ ደረሱበት፥ አደጋው የሚበዛው በቆሎው፥ በንፍሮውና በእሸቱ ነው፤ ከሌላ እህል ጋር ተደባልቆ የሚበላው ግን አደጋው ያነሰ ነው።

መርዙ ኦዳፕ ይባላል፤ ከጓያ ፍሬ ተለይቶ የታወቀው በህንድ አገር በ1964 እ.ኤ.አ. ነው። የነርቭ ሕዋሳት እርስ በርስ መልእክት የሚለዋወጡበትን አንድ ንጥረ ነገር ስለሚመስል፥ እንደ ሐሰተኛ መልእክተኛ ገብቶ ሕዋሱን ያለ ዕረፍት ያናውጠዋል። ይህ ከታወቀ በኋላ ሥራው ቀላል መስሎ ነበር፤ መርዙ ያነሰውን ጓያ መርጦ ማራባት። በአገራችንም ዋሴ የሚባል መርዙ አነስተኛ የሆነ ዝርያ ለገበሬው ተሰጥቷል። ነገር ግን ጓያ ከዘመን ጋር የሚለዋወጥ ተንኮለኛ ነው። ያው አንድ ዘር በደህና መሬት ሲዘራ መርዙ ያንሳል፤ መሬቱ ዚንክ የሚባለው ማዕድን ሲያጥረው ወይም ድርቅ ሲመታው መርዙ ይጨምራል። ስለዚህ በጥጋብ ዓመት ለክተን «ይህ ደህና ነው» ያልነው ዘር፥ በረሀብ ዓመት ሌላ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። እኛ ደግሞ ስለ ደግነቱ የምንጠይቀው ለረሀቡ ዓመት ነው።

እኔ በአንድ የእርሻ ምርምር ቤተ ሙከራ ውስጥ አነስተኛ ሠራተኛ ነኝ። ለጋ የጓያ ቅጠል በትንሽ ሙቀጫ እወቅጣለሁ፤ ከዚያ በጨውና በሳሙና ዓይነት ውሃ አጥቤ አልኮል ሳፈስበት የተፈተለ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ይወጣል። ይህ ዲኤንኤ ይባላል። የተክሉ ጠባይ ሁሉ የተጻፈው በዚህ ነው።

የገና ዕለት ማታ ከእሳቱ ዳር ተቀምጠን አጎቴ «አሁን አንተ በከተማ የምትሠራው ምንድር ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«የጓያን ዘር አነባለሁ» አልኋቸው።

አጎቴ ቀና ብለው ተመለከቱኝ። ለርሳቸው ማንበብ ቀላል ነገር አይደለም። «ታዲያ ጓያ ጽሕፈት አለው?»

«አለው፥ ጋሼ። ፊደሉ ግን አራት ብቻ ነው፤ ኤ፥ ሲ፥ ጂ፥ ቲ ይባላል። በነዚህ በአራቱ ከስድስት ቢሊዮን በላይ ፊደል ተጽፏል። የሰው ሦስት ቢሊዮን ያህል ነው።»

«ከሰው ይበልጣል በለኛ! ይህን ያህል ምን ቢያወራ ነው?»

«አብዛኛው ተደጋጋሚ ነገር ነው።»

«እንደ ለቅሶ ቤት ወሬ» አሉና ሣቁ። ከዚያ ግን ጥቂት አሰቡና ወደ ሥራቸው መለሱት። «መልክእ ስጽፍ ሁልጊዜ የሚያስቸግረኝ አንድ ነገር አለ። እያንዳንዱ አንቀጽ ‹ሰላም› ብሎ ይጀምራል። ሰላም ለዚህ፥ ሰላም ለዚያ እያለ ይወርዳል። ዐይኔን አንሥቼ ቀለም ነክሬ ስመለስ የትኛው ሰላም ላይ እንደ ነበርሁ ይጠፋኛል። ወይ አንዱን እዘላለሁ፥ ወይ አንዱን ደግሜ እጽፋለሁ። ከኔ መጽሐፍ የሚገለብጠውም ሰው ስሕተቴን ይዞ ይሄዳል። አንድ መልክእ ሲያመጡልኝ ሰላሙን ቈጥሬ ከማን መጽሐፍ እንደ ተገለበጠ የማውቅበት ጊዜ አለ።»

እውነቴን ነው የምለው፥ ይህን ነገር በትምህርት ቤት ሳለሁ እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። የኛ ሥራ ይኸው ነው። በጓያ ጽሕፈት ውስጥ «ጂኤ ጂኤ ጂኤ» እያለ አንድ ነገር የሚደጋገምባቸው አያሌ ሥፍራዎች አሉ። ተክሉ ዘሩን ሲያስተላልፍ ጽሕፈቱ ይገለበጣል፤ በነዚህ ሥፍራዎች ላይ ገልባጩ አልፎ አልፎ ይሳሳታል። አንዱ ተክል ዘጠኝ ጊዜ ደግሞ ይጽፋል፤ ሌላው አሥራ ሁለት ጊዜ። ልጆቹም እንደዚያው ይወርሳሉ። ይህን ልዩነት ምልክት እንለዋለን።

«ሥፍራውንስ በዚያ ሁሉ ፊደል መካከል እንዴት ታገኘዋለህ?» አሉ።

«ከድግግሙ በፊትና በኋላ ያለው ቃል በሁሉም ጓያ አንድ ዓይነት ነው። ያንን ቃል ይዘን እንፈልገዋለን።»

«ቃሉን ማን ነገራችሁ?»

ጥያቄው ትክክል ነው፤ ዋናው ድካምም ያለው እዚያ ላይ ነው። በፊትና በኋላ ያለውን ቃል ለማወቅ አስቀድሞ አንድ ሰው ጽሕፈቱን ማንበብ አለበት። ይህም ብዙ ገንዘብና ትልቅ መሣሪያ ይፈልጋል። ለስንዴና ለሩዝ ቀደም ብሎ ተደርጓል፤ ለጓያ ግን ገንዘብ የሚያወጣለት አልነበረም፤ የድሀ እህል ነውና። በ2014 እ.ኤ.አ. የቻይና ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው የጓያን ዲኤንኤ በብዛት አነበቡና ከ50,000 የሚበልጥ የመፈለጊያ ቃል ጥንድ አወጡ። ከዚህ ውስጥ 288 በዕጣ መርጠው ከልዩ ልዩ አገር በመጡ ናሙናዎች ላይ ፈተኑ። 144ቱ ምንም ነገር አላወጡም። 70ዎቹ አወጡ፤ ነገር ግን በሁሉም ናሙና ላይ አንድ ዓይነት ስለሆነ ለመለየት አይረዱም። ልዩነት ያሳዩት 74 ናቸው። ከአራት አንድ ማለት ነው። ይህን ለአጎቴ ስነግራቸው «ለጸሐፊ ደህና ነው» አሉ፤ ስንት ብራና ተፍቆ እንደ ተበላሸ የሚያውቁት እርሳቸው ናቸው።

የዚህ ነገር ጥቅሙ ግን አንድ ጊዜ በውድ የተነበበው ለሁልጊዜ በርካሽ የሚሠራ መሆኑ ነው። ቃሉ ከታወቀ በኋላ እንደኔ ያለ ሰው በትንሽ ቤተ ሙከራ ሊሠራበት ይችላል። ፒሲአር የሚባለው መሣሪያ ያን ሥፍራ ብቻ እየመረጠ ያባዛዋል። የተባዛውን እንደ ረጋ ሙቅ ያለ ነገር ውስጥ አስገብተን የኤሌክትሪክ ኀይል ስንለቅበት፥ ዘጠኝ የደገመው አጭር ስለሆነ ይቀድማል፤ አሥራ ሁለት የደገመው ወደ ኋላ ይቀራል። በልዩ ብርሃን ሲታይ እንደ ተሠመረ መሥመር ይታያል። መብራት እመካከሉ ላይ ካልጠፋ ነው ታዲያ፤ ጠፍቶብኝ የአንድ ቀን ሙሉ ድካሜን የደፋሁበት ጊዜ አለ።

ካለፈው ዓመት ጕዞዬ ስመለስ ከአጎቴ ቤት ሃያ የጓያ ፍሬ ይዤ ሄጄ ነበር። እንዲሁ ያለ ጓያ አይደለም። አጎቴ ከዚያ ከ1969 ዓ.ም. ጓያ ዘር አስቀርተው በየዓመቱ ከጓሯቸው ጥቂት እያዘሩ በከረጢት ያኖሩታል። ለምን እንደሚያኖሩት ስጠይቃቸው «ጠላቴን ዐይኑን ሳላይ ለምን ልኑር?» ብለውኛል። እኔም ሃያውን ፍሬ በቤተ ሙከራው ደጅ በጣሳ ዘርቼ፥ ቅጠላቸውን ወቅጬ፥ በጥቂት ምልክቶች ፈተንኋቸው። ያንድ ከረጢት ልጆች ናቸውና መሥመራቸው አንድ ዓይነት ይሆናል ብዬ ነበር። ነገር ግን አንዱ ካንዱ አልገጠመም። ባልደረቦቼ ናሙና አደባልቀህ ነው ቢሉኝ እንደ ገና ሠራሁት፤ መልሱ ያው ሆነ።

ይህ የንብ ሥራ ነው። ጓያ ይበልጡን ከራሱ ጋር የሚራባ ነው፤ ነገር ግን ንብ ያንዱን አበባ ወንዴ ዘር ወደ ሌላው ትወስዳለች። ስለዚህ አንድ ገበሬ መርዙ ያነሰ ጓያ ተሰጥቶት ቢዘራ፥ የጎረቤቱ ማሳ የድሮው ጓያ ከሆነ፥ ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚያጭደው የተቀበለውን አይደለም። ፍሬው ሲታይ ግን ልዩነቱ አይታወቅም። በኔ አስተያየት የምልክቶቹ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ዝርያው ደጉ ጓያ ሆኖ መቅረቱን ወይም መለወጡን፥ ዘመኑ ጥጋብም ይሁን ድርቅ፥ ዘሩ ለገበሬ ከመከፋፈሉ በፊት መጠየቅ ይቻላል። መርዝ ሲለካ የዓመቱን ዝናብ ጭምር መለካት ነው፤ ምልክቱ ግን ዝናቡን አያውቅም።

ከቤተ ሙከራው የሁለት ተክሎችን አንድ አንድ ሥፍራ ፊደል አስነብበን ነበርና፥ ለአጎቴ ለማሳየት በእጄ ገልብጬ ይዤላቸው ሄጄ ነበር። ወረቀቱን ወደ እሳቱ ብርሃን አስጠግተው በጣታቸው ቈጠሩ። «ይህ ዘጠኝ ነው። ይህ አሥራ ሦስት ነው።»

«አሥራ ሁለት ነው፥ ጋሼ።»

«አሥራ ሦስት ነው።»

ከኪሴ መሣሪያው ያወጣውን የታተመ ወረቀት አውጥቼ አስተያየሁት። አሥራ ሁለት ነው። አንዱን ደግሜ የጻፍሁት እኔ ነኝ። አጎቴ ዓመት በዓሉን ሙሉ ለመጣው ሰው ሁሉ ይህን ሲያወሩ ሰነበቱ።

በዚያች ማታ ግን ከሣቁ በኋላ ዝም አሉ። ወረቀቱን በጕልበታቸው ላይ ዘርግተው «ከሁለቱ የሰበረኝ የቱ ነው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። የቈጠሩት ሥፍራ የመርዙ ሥፍራ እንዳልሆነ፥ በመንገድ ዳር እንደ ቆመ ዛፍ ምልክት ብቻ እንደ ሆነ ነገርኋቸው። ዛፉ የሚጠቅመው የምንፈልገው ቤት አጠገብ መሆኑ ሲታወቅ ነው፤ ለዚህም መርዙ የበዛውንና ያነሰውን ጓያ አዳቅሎ፥ የልጅ ልጆቹን አንድ በአንድ እየለኩ፥ የትኛው ምልክት ከመርዙ ጋር አብሮ እንደሚወረስ ማየት ያስፈልጋል። እንዲያም ሆኖ ዛፉና ቤቱ በዘመን ብዛት ሊለያዩ ይችላሉ። ከሁሉ የሚሻለው ቤቱን ራሱን ማግኘት ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በኖርዊች ያለው የጆን ኢነስ ማዕከልና ናይሮቢ ያሉ ተመራማሪዎች፥ ኦዳፕን የሚሠሩት ሁለት ኢንዛይሞች ተጠጋግተው እንደሚሠሩ አሳይተዋል፤ በ2024ም የጓያ ጽሕፈት በሙሉ በየክሮሞሶሙ ተደርድሮ ታትሟል። እንግዲህ ምልክቱን ከመርዙ ሠሪ ዘረ መል ከራሱ ላይ ማውጣት የሚቻልበት ጊዜ ደርሷል። ይህን ሁሉ እየተቻኰልሁ ነገርኋቸው፤ የምቻኰለውም አፍሬ ነው። ሰውዬው የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ እኔ የመለስሁት ስለ ኖርዊች ነው።

«እንግዲያስ አላወቃችሁትም» አሉ።

«ገና ነው፥ ጋሼ።»

«ገና መሆኑ ደግ ነው። አውቀነዋል ብለህ ብትዋሸኝ ከረጢቱን አልሰጥህም ነበር።»

ከመደቡ ሥር ከረጢቱን አወጡና በሸማ ቍራጭ ላይ ግማሽ ያህሉን አፈሰሱ። ማዕዘን ያለው፥ ግራጫማ፥ ትንሽ መጥረቢያ የመሰለ ፍሬ ነው። ሸማውን ሦስት ጊዜ ቋጥረው ሰጡኝና «ለዚያ ዘር ለሚያስቀምጠው መሥሪያ ቤት ስጥልኝ፤ ስሙን ግን ‹ጓያ› ብለው ብቻ አይጻፉት፤ ዓመቱን ይጻፉበት» አሉኝ። በአዲስ አበባ በ1976 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ የዘር ማከማቻ መኖሩን፥ ከየአገሩ የተሰበሰበ ዘር በብርድ ቤት እንደሚቀመጥበት ከዚህ ቀደም ነግሬያቸው ነበር። ያ ዓመት የርሳቸው እግር ከተሰበረበት ዓመት ጋር መግጠሙን ያስተዋሉት እርሳቸው ናቸው።

በማግሥቱ ልሄድ ስነሣ፥ የእኅቴ ትንሹ ልጅ ከማሳው ጓያ እሸት በኪሱ ሞልቶ መጣና ከበሩ ላይ ተቀምጦ እየፈለፈለ ይበላ ጀመር። እኔ ደንግጬ ልነጥቀው እጄን ዘረጋሁ። አጎቴ አንደኛውን ዱላ አንሥተው እጄን ያዙት።

«ተወው። ዘንድሮ ጤፉ ደህና ነው፤ ይብላ» አሉ።